ቅጣት ያልተባለው ቅጣት፦ ኃላፊ ነርሶችና የሆስፒታል አስተዳደር

መግቢያ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። እንደሚታወቀው ይህ ተረት የሚነገረው ሹመቱ ጥቅም ለሚያስገኝለት ሰው ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ሲሾሙበት የሚበላ ነገር ስለሌለው፣ ሲሻሩበት ግን ስምን ስለሚያጎድፍ ሹመት ነው፤ ስለ ኃላፊ ነርስነት።

ተወልጄ ያደግሁት ብቸና ነው። የእናቴ ታናሽ እኅት ነርስ ናት። በምሥራቅ ጎጃም ካሉት የመንግሥት ጤና ተቋማት በአንዱ ውስጥ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነበረች። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልጽፍም። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ቤት ስሄድ በሥራ ሰዓት እቤቷ ቁጭ ብላ ቡና ስትቆላ አገኘኋት።

«እታለም፣ ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?» አልኳት።

«ተነሣሁ እኮ፤ ርክክቡን ጨርሻለሁ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳትነቅል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክፍሏ ጓንት ካለቀ ሰንብቷል። በቃል ደጋግማ ነገረች፤ መልስ አጣች። በመጨረሻ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከግርጌው ደግሞ «ግልባጭ» ብላ ለበላይ መሥሪያ ቤት ላከች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አጭር ደብዳቤ ደረሳት። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ከኃላፊነት ተነስታ ከከተማ ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ በነርስነት እንድትሠራ ተመድባለች። ደመወዟ አልተነካም፤ ደረጃዋም አልተነካም። ልጆቿ ግን ከሚማሩበት ከተማ ራቀች።

«ምን አጠፋሁ ብዬ ገብቼ ብጠይቅ፣ ‹ማን አጠፋሽ አለ?› አሉኝ» አለችኝ። ይህችን አንዲት አነጋገር ያዙልኝ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በሙሉ ከእርሷ የሚመነጭ ነው።

የሞጣዋ ጓደኛዋ

አክስቴ አብራት የተማረች ጓደኛ አለቻት፤ ቤቷ ሞጣ ነው። እርሷም በሌላ ተቋም ኃላፊ ነርስ ናት፤ ያንንም አልጠቅስም። በስልክ አነጋገርኳት። እርሷን የገጠማት የተገላቢጦሽ ነው። ከክፍሏ አንሶላና ብርድ ልብስ ጎደለ ተብሎ የዲሲፕሊን ክስ በጽሑፍ ቀረበባት። እንቅልፍ ያጣችበት ጊዜ ነበር፤ «ሌባ ተባልኩ» ብላ አልቅሳለች። ነገር ግን ክሱ በጽሑፍ ስለሆነ የጎደለው ዕቃ ዓይነቱና ቁጥሩ ተዘርዝሯል። እርሷም ያወጣችበትንና ያስተላለፈችበትን ሞዴል 22 አንድ በአንድ አቀረበች፤ ምስክር ቆጠረች፤ ነጻ ወጣች፤ በቦታዋም ቀጠለች።

እንግዲህ አወዳድሩ። አንደኛዋ ተከሰሰች፤ ስለተከሰሰች መልስ የመስጠት ዕድል አገኘች። ሁለተኛዋ አልተከሰሰችም፤ ስላልተከሰሰች የምትመልሰው ነገር የለም። የከፋ ጉዳት የደረሰባት ግን ያልተከሰሰችው ናት።

ኃላፊ ነርስ ማን ናት?

የሥራውን ፀባይ ለማታውቁ ባጭሩ ልግለጽ። ኃላፊ ነርስ በአንድ ክፍል ያሉትን ነርሶች ተራ ታወጣለች፣ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ ትይዛለች፣ የክፍሉን ንብረት ትረከባለች፣ ለልምምድ የመጡትን ተማሪዎች ትከታተላለች፣ የአስታማሚ ቁጣ ትሰማለች። ከእርሷ በላይ ሁሉንም ክፍሎች የምትመራው ሜትሮን አለች። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የለውጥ ትግበራ መመሪያ የነርሲንግ አገልግሎትን ራሱን በቻለ ምዕራፍ ያየው ከመሆኑም በላይ፣ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሆስፒታሎች በቦርድና በሥራ አስኪያጅ የሚመሩበት አሠራር እየተስፋፋ መጥቷል። ይህ መልካም ነው። ግን ለኃላፊ ነርሷ ሁለት አለቃ ማለትም ነው፤ አንዱ በሙያ፣ ሌላው በአስተዳደር። ጓንት ሲጠፋ ነርሶቹ እርሷን ያያሉ፤ ሥራ ሲጓደል አስተዳደሩም እርሷን ያያል። ከታች ያሉት «የአለቃ ወገን» ይሏታል፤ ከላይ ያሉት ደግሞ «ሠራተኛ የምታነሳሳ» ይሏታል።

ሕጉ ምን ይላል?

የመንግሥት ሠራተኛን የመቅጣት ሥርዓት በሕጋችን ያልታሰበበት አይደለም። በፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 የተዘረዘሩት ቅጣቶች ስድስት ነበሩ፤ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እስከ አንድ ወር ደመወዝ መቀጮ፣ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ መቀጮ፣ ከደረጃና ከደመወዝ ዝቅ ማድረግ፣ ከሥራ ማሰናበት። ይህ አዋጅ በ1064/2010 ተተክቷል፤ ያም በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ክልላችንም የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አለው፤ አክስቴ የምትተዳደረው በእርሱ ነው። የዲሲፕሊን አካሄዱን በሚመለከት ደግሞ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 77 ክስ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ተከሳሽ መልስ እንዲሰጥ፣ ምስክር እንዲሰማ፣ ኮሚቴ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ እንዲያቀርብ፣ ይግባኝም እንዲኖር ደንግጓል።

ልብ በሉ፤ ከስድስቱ ቅጣቶች ውስጥ «ከኃላፊነት ማንሳት» የሚባል የለም። «በዚያው ደመወዝ ሌላ ቦታ ማዛወር» የሚባልም የለም። እነዚህ የአስተዳደር ሥራዎች ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን በተመሳሳይ ደረጃና ደመወዝ አዛውሮ ማሠራት ይችላል። ስለዚህ ሰውን ለመቅጣት የፈለገ አለቃ የዲሲፕሊኑን በር ትቶ በዝውውሩ በር ይገባል። በዚያኛው በር ክስ የለም፣ ማስረጃ የለም፣ «ምን አጠፋሁ?» ለሚል ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ የለም። «ማን አጠፋሽ አለ?» የሚለው መልስ የመጣው ከዚህ ነው። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይቻላል፤ ግን ኮሚቴው ፊት አክስቴ የምታስረዳው ያላጠፋችውን ሳይሆን አለቃዋ በልቡ ያሰበውን ነው። የሰው ልብ ደግሞ ሞዴል 22 የለውም።

በማኅበር ስለ መደራጀትም ሕገ መንግሥቱን ብንመለከት፣ አንቀጽ 42 ይህን መብት ለመንግሥት ሠራተኞች ሲሰጥ የሥራ ፀባያቸው የሚፈቅድላቸውና «ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች» ለሆኑት ነው። በግል ሆስፒታል የምትሠራዋም ብትሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ የ1996ቱም ሆነ እርሱን የተካው 1156/2011፣ «የሥራ መሪ» የተባለን ሰው ከጥበቃው ያወጣል። የሥራ መሪ ማለት ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ሥልጣን ያለው ነው ይላል። እንግዲህ ተረኛ የምትመድብ ኃላፊ ነርስ የሥራ መሪ ናት ወይስ ሠራተኛ?

በሌላው ዓለም

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኧርባና በምትባል ከተማ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ይሠሩ የነበሩ አራት ነርሶች ስለ ሠራተኛ እጥረት፣ ስለ ረዳቶች ዝቅተኛ ደመወዝና ስለ መሳሰሉት ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት አቤት ብለው ተቀጡ። የአክስቴን «ግልባጭ» ያስታውሳል። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1994 (እ.ኤ.አ.) በአምስት ለአራት ድምፅ ተወሰነ። የነርሶቹ ወገን ክርክር «ረዳቶችን የምናዘው ለበሽተኛው ብለን እንጂ ለአሠሪው ብለን አይደለም» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በሽተኛን መንከባከብ የአሠሪው ሥራ ስለሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም አለ። ስለዚህ ነርሶቹ ሱፐርቫይዘር ተባሉ፤ የሠራተኛ ጥበቃ ቀረባቸው።

በእንግሊዝም አሚን አብዱላህ የተባለ ነርስ፣ ታካሚ ቅሬታ ያቀረበባትን ባልደረባውን ደግፎ በመፈረሙ በተጀመረ የዲሲፕሊን ጉዳይ ለንደን ከሚገኘው ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ተሰናበተ። በየካቲት ራሱን አቃጥሎ ሞተ። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ የወጣው ገለልተኛ የምርመራ ሪፖርት ዲሲፕሊኑ የተካሄደበትን መንገድ ነቀፈ፤ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረውም ተቋም ይቅርታ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመትም ለእንግሊዝ የመንግሥት ጤና ተቋማት ሁሉ ሠራተኛን ከመክሰሳቸው በፊት እንዲያስቡበት የሚያሳስብ ደብዳቤ ተላለፈ። ደብዳቤው ሰው ከሞተ በኋላ መምጣቱ ያሳዝናል።

ዝውውር እንደ ፍርድ

እኛ ዘንድ ነገርን በዝውውር መቋጨት የቆየ ልማድ ነው። በ1960 ዓ.ም. የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሳ፣ ከመጨረሻዎቹ መፍትሔዎች አንዱ የጎጃሙን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ወደ ከፋ ማዛወር ነበር። አያቶቻችን ይህን ድል አድርገው ይተርኩታል። ግን የዝውውር ጠባዩ ይኸው ነው፤ አጥፍቶ ከሆነ አይጠየቅበትም፣ አላጠፋ ከሆነም ነጻ አይወጣበትም። ነገሩ ሳይፈታ ሰውየው ብቻ ይነሳል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ደግሞ ከከተማ ወደ ገጠር መዛወር ድሮ እንደነበረው የመንገድ ርቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ትንሽ የምትመስል ደብዳቤ ብዙ ትመዝናለች።

የሌላው ወገን ነገር

አንድ ወገን ብቻ ሰምቼ ብጽፍ መምህሮቼም አይለቁኝ። ሥራ አስኪያጅም ሸክም አለበት። ጓንቱን እርሱ አይሠራውም፤ በጀቱ ከላይ ይመጣል፤ ግልባጭ በተጻፈበት ቁጥር እርሱም ይጠየቃል። ኃላፊን ማንሳት ካልቻለ ደግሞ ክፍሉን ማሻሻል አይችልም። የሚነሳ ሁሉ ተበዳይ አይደለም።

ይህን ለአክስቴ ብነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔም እኮ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ጀማሪ ነርስ በተደጋጋሚ አርፍዳ ስትመጣ ምክንያቷን ሳትጠይቅ ለሦስት ወር የሌሊት ተራ ብቻ መደበቻት። ደብዳቤ አልጻፈችባትም፤ ማስጠንቀቂያም አልሰጠቻትም። «ተራ ማውጣት የኔ ሥራ ነው ብዬ ነዋ! ቅጣት ነው አላልኩም።» ልጅቷ የታመመች እናት እንደነበረቻት ያወቀችው ኋላ ነው። ስለዚህ ችግሩ የአንድ ክፉ አለቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሳይጠሩት የመቅጣት ልማድ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ነገ ዘጋቢ ስንሆን እንዲህ ያለ አቤቱታ ብዙ ይመጣብናል። ከዚህ ጉዳይ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቀኖቹን ደርድሩ። የቅሬታው ደብዳቤ መቼ ገባ? የዝውውሩስ መቼ ወጣ? የቀን መቀራረብ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ጥያቄ ለመጠየቅ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የደብዳቤውን ቃል አንብቡ። «ለሥራው ቅልጥፍና» የሚል ካለ ቅልጥፍናው ምን እንደሆነ ጠይቁ። በቦታው ማን ተተካ? ከቀድሞዋ በምን ይሻላል?

ሦስተኛ፣ ከላይና ከታች ያሉትን ሁለቱንም አነጋግሩ። ሥር ሆነው የሠሩ ነርሶች አለቃ የማያውቀውን ያውቃሉ።

አራተኛ፣ ስም መደበቅ ማለት ስም አለመጻፍ ብቻ አይደለም። በትንሽ ከተማ የክፍሉን ስም መጥራት ሰውየውን መጥራት ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ የአክስቴ ክፍል የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩም።

አምስተኛ፣ ዋናው ጉዳይ እንዳይጠፋችሁ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ ዜናው ስለ አድማውና ስለ እስሩ ነበር፤ ተገቢም ነው። ግን አድማ ባልነበረበት ቀን ሁሉ አንዲት ነርስ ስለ ጓንት ደብዳቤ ጽፋ ምን መልስ እንዳገኘችም ዜና ነው።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ሲታይ፣ ሕጋችን ለሚቀጣ ሠራተኛ ሥርዓት አበጅቷል፤ የሚጎድለው ቅጣት ሳይባል ለሚቀጣው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቅሬታ ያቀረበ ኃላፊ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲነሳ ወይም ሲዛወር ምክንያቱ በዝርዝር ይጻፍለት፤ መልስም ይስጥበት። እውነተኛ ምክንያት ያለው አለቃ ለመጻፍ አይቸገርም።

አክስቴ ቅሬታዋን አስገብታ መልስ እየጠበቀች ነው። ጤና ጣቢያው ሥራ ጀምራለች። ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት በስልክ አነበብኩላት። ስለ ጀማሪዋ ነርስ የተጻፈው ጋ ስደርስ ላውጣው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ተይው፤ እርሱን ካወጣሽውማ ማን ያምነኛል?» አለችኝ።