ምዕራፍ 4፦ ከፉትስክሬይ የተደወለ ስልክ አዲስ አበባ እስኪደርስ

ሜልበርን የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ይህ ደርሶበታል። ማታ ከሥራ ገብቶ በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም አገር ቤት ይደውላል። እናት ያነሳሉ። ሰላምታው ሳያልቅ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል፤ «ሀሎ! ይሰማል?» እየተባባሉ ጨዋታው ያልቃል። ልጅ ተናዶ ይዘጋና «እማዬ ነገ እደውላለሁ» ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ግን አንዲት ፊደል ሳትጎድልበት ይደርሳል። ስልኩ ያው፣ መስመሩ ያው፣ ሰዓቱም ያው። ታዲያ ድምፁን የበላው ኔትዎርክ ጽሑፉን እንዴት ማረው?

ይህ ጥያቄ የገባው ሰው የኮምፒውተር ኔትዎርክን ዋና ነገር ይዟል ማለት ይቻላል። መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ኢንተርኔት የላካችሁትን ዕቃ «አደርሳለሁ» ብሎ ቃል አይገባም። ልሞክር ነው የሚለው። ቃሉን የሚጠብቁት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ በእናንተ እጅ ያለው ስልክና እዚያ ማዶ ያለው።

ከሥር እንጀምር። የምትልኩት ነገር ሁሉ፣ ጽሑፍም ፎቶም ድምፅም፣ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚሄደው። አንድ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ1500 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ 3 ሜጋባይት የሆነ የሠርግ ፎቶ ወደ 2000 ፓኬት ይሆናል። በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የላኪውና የተቀባዩ አይፒ አድራሻ ይጻፋል። መንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች ሥራቸው ይህን አድራሻ አንብቦ ወደሚቀጥለው ራውተር ማሳለፍ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቀውን ቤት ፍለጋ የወጣን ሰው አስቡት። መንገዱን ሙሉውን የሚነግረው የለም፤ «እስከ አደባባዩ ውረድና እዚያ ጠይቅ» ይባላል፤ አደባባዩ ላይ ያለው ሊስትሮ ደግሞ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ ሱቁ ጋ ጠይቅ» ይለዋል። ራውተርም እንዲሁ ነው፤ ከሜልበርኑ ፉትስክሬይ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አጠቃሎ የሚያውቅ አንድም ራውተር የለም። የአንዱ ፎቶ ሁለት ፓኬቶች በተለያየ መንገድ ሊሄዱ፣ የኋለኛው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ራውተሩ ሥራ ሲበዛበትስ? የተረፈውን ፓኬት ይጥለዋል። ብዙውን ጊዜ ለማንም አይናገርም።

ይህ ሁሉ ደንብ አይፒ የተባለው ፕሮቶኮል ነው። ፕሮቶኮል ማለት ሁለት መሣሪያዎች ሳይተዋወቁ እንዲግባቡ አስቀድሞ የተስማሙበት ሥርዓት ነው። የአይፒን መሠረት በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የጣሉት ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ኔትዎርኩን ይህን ያህል ንፉግ ማድረጋቸው ስንፍና አይደለም፤ እንደ እኔ አስተያየት የሥራቸው ትልቁ ብልሃት ይኸው ነው። ቃሉ ትንሽ ከሆነ ማንኛውም ሽቦ ሊፈጽመው ይችላል፤ መዳብም፣ መስታወትም፣ ሳተላይትም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። በጁን 1989 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው ፓርክቪል ካለው ከሜልበርን ዩኒቨርሲቲ በተነሳ የሳተላይት መስመር ነው። በዚህ በኩል ሮበርት ኤልዝ፣ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በኩል ቶርበን ኒልሰን ሆነው አገናኙት። የመስመሩ አቅም በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ነበር። ያችን 3 ሜጋባይት የሠርግ ፎቶ በዚያ መስመር ብንልካት፣ ሌላ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ከ7 ደቂቃ በላይ ትወስዳለች፤ መስመሩ ደግሞ የአንድ ቤት ሳይሆን የአንድ አህጉር ነበር! ይሁንና በአሜሪካ ምድር ሽቦ ላይ ይሠራ የነበረው አይፒ፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ በሚመለሰው መስመር ላይም ደንቡ ሳይለወጥ ሠራ። ዛሬ በባሕር ሥር ፋይበር ላይ የሚሄደውም እሱው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1989 ዓ.ም.። እንግዲህ አውስትራሊያዊውም ኢትዮጵያዊውም «ኢንተርኔት የገባልን በ1989 ነው» ቢሉ አንዳቸውም አልዋሹም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መሐሉ ቃል ካልገባ ጽሑፉ እንዴት ሳይጎድል ደረሰ? ጫፎቹ ላይ ቲሲፒ የሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ስላለ ነው። ቲሲፒ ከመላኩ በፊት ከወዲያኛው ጫፍ ጋር ይተዋወቃል፤ «ልላክ?» ይላል፣ «ላክ፣ እኔም ልላክ?» ይባላል፣ «እሺ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የሚልከውን ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። ተቀባዩ «እስከዚህ ቁጥር ደርሶኛል» እያለ ይመልሳል። መልሱ በጊዜው ካልመጣ ላኪው ያንኑ ደግሞ ይልካል። የተዘበራረቀውንም ተቀባዩ በቁጥሩ ይደረድረዋል። መንገድ ላይ አንዳንድ ፓኬት ቢጠፋም «እማዬ ነገ እደውላለሁ» የሚለው ሙሉውን ይደርሳል፣ ምናልባት አንድ ሁለት ሴኮንድ ዘግይቶ። ለጽሑፍ ይህ መዘግየት ምንም አይደለም።

ለድምፅ ግን ሞት ነው። ሒሳቡን እዩት። ከሜልበርን አዲስ አበባ በቀጥታ ወደ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ኬብሉ እንደ ክር ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ መሄጃው 60 ሚሊሰኮንድ፣ ደርሶ መልሱ 120 ነው። ይህን ማንም ቴሌ፣ የቱም ጥቅል፣ የቱም ውድ ራውተር አያሳጥረውም። ኬብሉም ቀጥ ያለ አይደለም፤ በየብስ እስከ ሲድኒ ወይም ፐርዝ፣ ከዚያ በባሕር ሥር፣ ኢትዮጵያ ደግሞ የባሕር በር ስለሌላት እንደገና በጎረቤት አገር በኩል በየብስ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ የስልክ ጨዋታ የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰኮንድ እንዳይበልጥ ነው። እንግዲህ «እንደምን አደርሽ» ከሚለው ውስጥ «ደርሽ» የያዘችው ፓኬት ብትጠፋና ቲሲፒ ጠይቆ ቢያስመጣት፣ ስትደርስ እናት ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ ናቸው።

ስለዚህ የጥሪ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ዩዲፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ነው። ዩዲፒ ትውውቅ የለውም፣ ደግሞ መላክ የለውም፤ ልኮ ይረሳል። የጠፋው ጠፋ። መተግበሪያው ክፍተቱን ከፊትና ከኋላ ባለው ድምፅ ገምቶ ይሞላዋል። አንዳንዴ የሰው ድምፅ እንደ ማሽን የሚጎተተው ይህ ግምት ሲበዛ ነው። ጽሑፉ የተማረው ኔትዎርኩ ስላዘነለት አይደለም፤ የሚጠብቀው ስላለው ነው።

አሁን ሥራ። ፓኬቱ የት እንደሚጠፋ ራሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ላፕቶፕ ላይ በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ በማክ ተርሚናልን ክፈቱ። ፒንግ (ping) የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ክፍተት ትታችሁ የራውተራችሁን አድራሻ አስከትሉ፤ በብዙ ቤት 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። ፒንግ ትንሽ ፓኬት ልኮ መልሱ ስንት ሚሊሰኮንድ እንደፈጀ ይነግራችኋል። 3፣ 4፣ 3፣ 5 እያለ ከወረደ ጤና ነው። 3፣ 4፣ 212፣ 5፣ ከዚያ መልስ የለም ካለ ግን ችግሩ አዲስ አበባ አይደለም፤ ሳሎናችሁ ውስጥ ነው። ከዚያ በ8.8.8.8 ድገሙት፤ ይህ የጉግል አድራሻ ነው፣ ከሜልበርን መልሱ በጥቂት አሥር ሚሊሰኮንድ ይመጣል። ራውተሩ ደህና ሆኖ ይኼኛው ከተንገዳገደ ጣታችሁን ወደ አገልግሎት ሰጪያችሁ ቀስሩ፣ ቁጥሩንም ይዛችሁ ደውሉላቸው። «ኢንተርኔቴ ደካማ ነው» ከሚል ደንበኛ ይልቅ ቁጥር የያዘውን ይሰሙታል።

ሳሎን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን የመንግሥት ፎቆች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ሕንፃዎቹ በ1960ዎቹ በተገጣጠመ ኮንክሪት የተሠሩ ናቸው፤ ኮንክሪት ደግሞ የዋይፋይ ጠላት ነው። በዚያ ላይ ከላይም ከታችም የጎረቤት ራውተር አለ። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ መቶ ቤተሰብ ሦስቱን ይሻማል። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው እሱን ምረጡ፤ ርቀት አይሄድም፣ ቻናሎቹ ግን በርከት ይላሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገመድ ነው። ሰው ገመድ ስለው ፊቱን ያጠቁራል፤ ጥቂት ዶላር የሚያወጣ የኔትዎርክ ገመድ ግን ከውድ ራውተር የበለጠ ሲጠቅም አይቻለሁ።

ቤታችሁ ደህና ከሆነ ሰዓቱን እዩ። እዚህ አገር ኢንተርኔት የሚጨናነቀው ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ሁሉም ፊልም የሚከፍትበት፣ እኛም የምንደውልበት ሰዓት። በሜልበርን ክረምት ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ብትደውሉ እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ እናት ነቅተዋል፣ መስመሩም ገና አልተጨናነቀም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከተቆራረጠ፣ ችግሩ እዚያ ማዶ በሞባይል ዳታ የሚያናግሯችሁ ሰው ዘንድ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቪዲዮውን አጥፉ፤ ድምፅ ብቻውን ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ ፓኬት ነው የሚፈልገው። ያም ካልሆነ ስልኩን ዝጉና ድምፃችሁን ቀድታችሁ እንደ መልእክት ላኩ። የተቀዳ ድምፅ እንደ ጽሑፉ ነው የሚሄደው፤ የጠፋው ተጠይቆ ይመጣል፣ ተደርድሮ ይደርሳል፣ እናት ሲመቻቸው ከፍተው ይሰሙታል።