ሴንሰሩን ከመወንጀልህ በፊት

ልጄ፣ እዚህ አሜሪካ የቤት ዕቃ ጥገና መጀመርህን ሰማሁ፤ እሰየው። ልብስ ማድረቂያ የሙቀት ሴንሰር ኮድ ሲያሳይ ብዙ ባለሙያ ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል። አንተ ግን እንዲህ አድርግ።

1. ማሽኑ እየሠራ ውጭ ውጣና አየር ማስወጫው ላይ እጅህን ዘርጋ። ነፋሱ ደካማ ከሆነ ቱቦው በጨርቅ ብናኝ ታፍኗል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ሴንሰሩ ሂተሩን ቶሎ ቶሎ ያስጠፋል፤ ልብሱም ሳይደርቅ ይቆያል። ይኼ የሴንሰሩ ጥፋት አይደለም።

2. ከመፍታትህ በፊት ከሶኬት ንቀል። አብዛኛው 240 ቮልት ነው፤ ቀልድ የለም።

3. ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሞቃቱ አየር በሚወጣበት በኩል፣ ከማራገቢያው አጠገብ ነው። ገመዱን ነቅለህ ቴስተርህን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርግና ለካ። ብዙዎቹ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ያነባሉ፤ ሞዴሉ ግን ይለያያልና ማሽኑ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጠውን ወረቀት ፈልገህ አመሳክር። ባለቤቶቹ ቆሻሻ መስሏቸው ካልጣሉት ማለቴ ነው። አሁን ሴንሰሩን በመዳፍህ ጨብጠው። ሙቀት ሲጨምር ኦሙ መቀነስ አለበት፦ 10፣ 9፣ 8 እያለ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቁጥሩ ከዘለለ፣ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ከነጭራሹ ምንም ካላነበበ ያኔ ቀይረው።

4. ሴንሰሩ ደህና ከሆነ ገመዱን መልሰህ ሰካበትና መቆጣጠሪያ ካርዱ ጋ ሄደህ፣ ገመዱን ከካርዱ ነቅለህ በዚያኛው ጫፍ ልኬቱን ድገመው። ሁለቱ ንባቦች ካልተቀራረቡ ችግሩ መሀል ላይ ነው፤ የተላጠ ገመድ ወይም የላላ ማገናኛ ይሆናል። ይህን ያልለካ ሰው መጀመሪያ ሴንሰር፣ ኮዱ ሲመለስበት ደግሞ ውዱን ካርድ ያስገዛል። ደንበኛ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው።

5. ቴርማል ፊውዙ ከተቃጠለ በገመድ አገናኝተህ እንዳታልፈው። «ዕቃው እስኪመጣ» ቢሉህም እምቢ በል፤ ቤት ያቃጥላል። ደግሞም አንዴ ከተበጠሰ የማይመለስ ነውና አዲሱን ከማስገባትህ በፊት ለምን እንደጋለ ፈልግ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ተራ ቁጥር 1 ላይ ነው።

6. ማሽኑ እየሞቀ ልብሱ ሳይደርቅ ቀድሞ የሚያቆም ከሆነ ሙቀት ለኪውን ተወው። ከበሮው ውስጥ ልብሱ የሚነካቸው ሁለት የብረት ዘንጎች አሉ፤ እርጥበት የሚለኩት እነሱ ናቸው። ልብስ ማለስለሻ ወረቀት የሚተወው ቅባት ይሸፍናቸዋል። አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጋቸው። ለዚህ ሒሳብ መጠየቅ ካሳፈረህ ቡና ጠጥተህ ውጣ።