«እኔ ነኝ የማስረዳላት»

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ድብርት ከያዛት ከረመ። ሌሊት እንቅልፍ የላት፤ እንጀራውን ጋግራ ሳትቀምሰው ትነሳለች። ከጓሳ አጠገብ ካለው ቀበሌያችን ደብረ ብርሃን ድረስ ለምክር አመላልሳታለሁ። እዚያም ዝም ስለምትል እኔ ነኝ የማስረዳላት። ለውጥ የለም። ምክር የማይሠራለት ሰው አለ? ወይስ ባለሙያ እንቀይር?
ከመንዝ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከብዙ አገር ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና እንደሚለው፣ የንግግር ሕክምና ከጀመሩት መካከል በሁለት ወር ገደማ ምልክታቸው በግማሽ የቀነሰላቸው 41 በመቶ ያህሉ ናቸው። ከቀሩት አንዳንዱ መድኃኒት ይፈልጋል፤ የአንዳንዱ ሕመም ከታይሮይድ ዕጢ መድከም ወይም ከደም ማነስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ባለቤትዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ግን ማወቅ አይቻልም፤ ምክሩን ገና አልጀመረችውም።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ «እኔ ነኝ የማስረዳላት» ከሚለው አላልፍ አለኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲናገር የከረመው ማን ነው? እርስዎ። ባለሙያው የሰማው የእርስዎን ጭንቀት፣ የእርስዎን ግምት፣ እርስዎ የመረጡትን ቃል ነው። ይህ ሕክምና የሚሠራው ግን የታመመው ሰው በራሱ አንደበት፣ እየተንተባተበም እያለቀሰም ሲናገር ነው። ለእርስዎ ያልነገረችው ነገር ሊኖር ይችላል። ስለ እርስዎ ይሆናል፤ ወይም ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ በገባበት በ2014 ዓ.ም. ያየችው ነገር ይሆናል። እኔ አልገምትም፤ እርስዎም አይገምቱ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን የምታወጣ ሴት በአገራችን ስንት ናት? ዝምታን ጨዋነት ብለን አሳድገናታል፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ደግሞ አፏን ተክተን እንናገርላታለን። ይህ ያናድደኛል፤ አልደብቅዎትም። ያን ዳገት ቁልቁለት ይዘዋት የሚወርዱት ስለሚወዷት መሆኑም አይጠፋኝም።

መንዝ ዘግቶ መጠበቅን ያውቃል። ጓሳን በጋራ ሲጠብቁበት በኖሩት የቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩ እስኪያገግም አለቃው አባ ቄራ ሲዘጋው፣ አባቶቻችሁ ለዓመታት ማጭዳቸውን ሰቅለው ታግሰዋል። ለባለቤትዎም የሚያስፈልጋት እንዲሁ ከባለሙያው በቀር ማንም የማይገባበት አንድ ሰዓት ነው።

ባለሙያውን አሁን አይቀይሩ፤ ሴት ባለሙያ ትመርጥ እንደሆነ እሷን ይጠይቋት፣ ደሟን ያስመርምሩ፣ ስለ መድኃኒት ይጠይቁ፣ ፀበል የምትሄድ ከሆነም ከሕክምናው ጋር ያስኪዱት፤ ሞትን ስታነሳ ከሰሙ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይውሰዷት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እርስዎ ውጭ ይቀመጡ። ስትወጣም ምን እንዳለች አይጠይቋት።