ተቀምጦ መዋል ዕረፍት አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየቤታችን አካሉ የተጎዳ ልጅ ሲኖር ከሁሉ አብልጦ የሚሰማት ቃል «አንተ ተቀመጥ» የምትለው ናት። ውኃ ሲቀዳ «አንተ ተቀመጥ»፣ እንጨት ሲፈለጥ «አንተ ተቀመጥ»፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ለማጽዳት ስንወጣም «አንቺ ዕቃ ጠብቂ» እንላለን። ቃሉ ከፍቅር የሚወጣ ነው፤ በክፋት የሚናገረው የለም። ነገር ግን እግሩ በፖሊዮ የሰለለ፣ ዓይኑ የማያይ ወይም በአደጋ ወገቡ የተጎዳ ወጣት በዚህች ቃል ምክንያት ሁለተኛ ጉዳት ይደርስበታል። የፊተኛው ጉዳት በአንድ ብልቱ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው ግን በመላ ሰውነቱ ላይ ነው።

ይኸውም እንዴት ነው ቢሉ፣ ሥራ የፈታ ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል። ሳይዘረጋ የከረመ ጉልበት እንደታጠፈ ይደርቃል። ተቀምጦ ለሚውል ሰው የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ይቀርቡታል፤ የታችኛው አካሉ የማይሰማው ደግሞ ሳያውቀው መቀመጫው ይቆስላል። በዚህ ላይ የቤት ሰው ኀዘኔታውን የሚገልጸው በምግብ ነውና «ብላ እንጂ» እየተባለ ሳህኑ ይሞላለታል። ክብደቱ ሲጨምር ክራንቹ ያደክመዋል፤ ሲደክመው ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ እንደገና ይጨምራል።

እኛ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ወጣቶች ሌላም ፈተና አለብን። ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ሰውነትም ቀይ የደም ሴል እያበዛ ይለምደዋል። ስለዚህ ታላላቅ ሯጮቻችን ማለዳ በሜዳዋ ላይ ሲለማመዱ ማየት የተለመደ ነው። ይህን እያየ ያደገ ወጣት ስፖርት ሲባል የሚታየው ሩጫ ብቻ ይሆንና «መሮጥ ካልቻልኩ ስፖርት የእኔ አይደለም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ለዚህም ከሯጮቹ ሁሉ የበኵሩ ምስክር ነው።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን እንዳሸነፈ የማያውቅ የለም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንድቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ሐኪም ከጦርነት በአከርካሪ ጉዳት የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክሙ፣ ሰዎቹን የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን ተኝቶ መዋል የሚያመጣው ቁስልና የኩላሊት መመረዝ መሆኑን ተገነዘቡ። በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ፤ ከዚያም ቀስት አስያዟቸው። ቀስት መሳብ ክንድን፣ ትከሻንና ጀርባን ያጠነክራልና መድኃኒት ነበር። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. በሆስፒታሉ ግቢ 16 ሰዎች በቀስት ተወዳደሩ፤ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ውድድር መነሻው ይህ ነው። አበበም ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል ጨዋታ ቀስት ወረወረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በረዶ ላይ በተካሄደ የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በዓለም ላይ በእግሩ ከእርሱ የበለጠ ያገኘ ሰው ስንት ነው? እግሩን ሲያጣ ግን የቀረውን ክንድ ይዞ ሥራውን ቀጠለ።

በእኛ ዘመንም ትዕግሥት ገዛኸኝ የማየት ጉዳት ሳያግዳት በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ በ2016 ዓ.ም. መገባደጃም በፓሪስ ደገመችው። በዚያው በፓሪስ ያየሽ ጋቴ በዓይነ ስውራን ምድብ 1,500 ሜትሩን አሸነፈች። በዚህ ምድብ ሯጩ ከመሪው ጋር እጅ ለእጅ በአጭር ገመድ ተያይዞ ነው የሚሮጠው። ስለዚህች ገመድ ኋላ እንመለስባታለን።

ሜዳልያ የሁሉ ዕጣ አይደለም፤ ልማድ ግን ለሁሉ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳተኞችን ለይቶ ጠቅሷል፤ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ይህን ያልቻለ የቻለውን ቢያደርግ ከምንም ይሻላል ይላል። መጠነኛ ማለት ምን ያህል ነው? ለእኛ ለመዘምራን ቀላል መለኪያ አለ፦ እየተንቀሳቀስህ መናገር ከቻልህ፣ መዝሙር መዘመር ግን ትንፋሽህ ካልበቃ፣ ልኩ እዚያ ነው። መናገርም ካቃተህ አልፈሃል፤ አስም ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፣ ያዘዙለትንም መድኃኒት ከኪሱ አያውጣ።

በክረምት የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ነው፤ የዊልቸር ጎማ ይሰምጣል፣ ክራንች ያንሸራትታል። ስለዚህ በበጋ ብቻ የሚሠራ ልማድ ሰኔ ሲገባ ይሞታል። ቤት ውስጥ የሚሠራ መኖር አለበት። አንድ ሊትር ውኃ የሞላ ፕላስቲክ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በሁለት እጅ ሁለቱን ማንሳት ይቻላል። የአሮጌ ብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በር ላይ አስሮ መሳብም የአበበን ቀስት ይተካል። በዊልቸር የሚቀመጥ በየግማሽ ሰዓቱ ክንዱን ተደግፎ መቀመጫውን ያንሳ። ሰዓት መመደብ ያልሆነለት ከጸሎት ጋር ያያይዘው፤ ማለዳ ከጸሎት በኋላ አሥር ደቂቃ ማንም አይረሳውም። ስግደት የማይችል በድጋፍ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ወገቡን ያጎንብስ። ደግሞም በክራንች የሚያፍር ወንድም ካህናቱን ይመልከት፤ ረጅሙን ማኅሌት በመቋሚያ ተደግፈው ይቆማሉ፣ ነውር ያለውም የለም።

ስለ ምግብ ብዙ አልጽፍም፤ የጾም ገበታችን ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ዳንኤልና ጓደኞቹም ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው አምሮ ታይቷል። የሚያበላሸው ዘይቱ፣ በሻይ የሚገባው አራት ማንኪያ ስኳር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንዴ የሚበላው ነው። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም። የስኳር በሽተኛና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ማዘን ታውቃለች።

አንድ ነገር ግን ለቤተሰብ እላለሁ። ሜምፊቦስቴ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ነበሩ፤ ንጉሥ ዳዊት ግን ሳህን ሞልቶ ወደ ጓዳ አልላከለትም፣ ከልጆቹ ጋር በማዕድ አስቀመጠው። እኛም አካል ጉዳተኛ ልጃችንን ከሁሉ ጋር፣ የሁሉን ያህል እናብላው።

አሁን ወደ ገመዷ። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስላለ በትር ይዞ የሚሄድ ተማሪ ለከተማው እንግዳ አይደለም፤ የሚያሳዝነው ብቻውን መሄዱ ነው። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመጣ ከመካከላችን አንዳችን አብረነው ለምን አንራመድም? እጁን አንጎትትም፤ እርሱ ክርናችንን ይያዝ፣ እኛ ግማሽ እርምጃ እንቅደም። ፈጠን ብሎ መራመድ ከፈለገ አጭር ገመድ ይበቃል። ከቡራዩ ወደ ሆለታ መንገድ፣ መናገሻ ያለው የቼሻየር ማዕከል እጅ እግራቸው ለተጎዳ ልጆች ሕክምናና ልምምድ ሲሰጥ የኖረ ነውና፣ አዲስ እንቅስቃሴ የሚጀምር ሰው የትኛው እንደሚጠቅመው እንዲህ ባለ ቦታ ቢጠይቅ መልካም ነው። ከበሮም ቢሆን ለክንድ ጥሩ ሥራ ነው፤ እግሩ ለማያሸበሽብ ወንድም ለምን አናስይዘውም?

በሚቀጥለው የቅጥር ጽዳት ቀን መጥረጊያው አጭር ይሁን፤ ተቀምጦ የሚጠርግ አለና። ዕቃችንን ክፍሉ ውስጥ ቆልፈን እንወጣለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።