ማን በላ? ምን ተበላ?

አንድ ቀን በትምህርት ሰዓት ሰሌዳው ላይ «በላ» የሚለውን ቃል ጽፌ ትርጉሙን ጠየቅሁ። ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፊት የተቀመጡ አንድ አባት «ይሄማ ምን ያስጠይቃል? እንጀራ በላ ማለት ነው» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀበል አድርገው «የኔን ጤፍስ አንበጣ አይደል የበላው?» አሉ። ሌላው ገበሬ ሳቅ ብለው «አንበጣስ ደግ ነው፤ የኔን በሬ የበላው ዕዳ ነው» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ጠመኔውን እንደያዝኩ ማሰብ ጀመርኩ። ዕዳ አፍ የለው፣ ጥርስ የለው፤ በሬ እንዴት ይበላል?

ያን ዕለት ከተማሪዎቼ ብዙ ተማርኩ። የተማርኩትንም እዚህ ላይ አቀርበዋለሁ።

የቃል ጎረቤት

ሰው በጎረቤቱ ይታወቃል ይባላል። ቃልም እንደዚሁ ነው። ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት ሳናይ ትርጉሙን መወሰን አንችልም። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ልጁ ቆሎ በላ። ይህ ምግብ ነው።
ቤቱን እሳት በላው። ተቃጠለ ማለት ነው።
ማረሻውን ዝገት በላው። ሳሳ፣ አለቀ ማለት ነው።
የማሳውን ዳር ጎርፍ በላው። ሸረሸረው ማለት ነው።
እግሬን ይበላኛል። ያሳክከኛል ማለት ነው።
ሰውየው ቃሉን በላ። የተናገረውን ካደ ማለት ነው።
ዳኛው ጉቦ በላ። ፍርድ ለማጣመም ገንዘብ ተቀበለ ማለት ነው።
እረኛው ዱላ በላ። ተመታ ማለት ነው። እዚህ ላይ የበላው ሰው ራሱ ተጎጂ ነው።
ያ ሰው ምን በላው? የት ገባ፣ ምን ሆነ ማለት ነው።
ወንድማማቾቹ በመሬት ተባሉ። ተጣሉ ማለት ነው።

እንግዲህ አንዱ ቃል ስንት ቦታ ገባ! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል የቆየ ተረትም አለ። እዚህ ላይ «ያልበላ» ማለት ምሳውን ያልበላ ማለት አይደለም። በሥልጣኑ የሰው ገንዘብ ያልወሰደ ማለት ነው። ይህን ተረት ያወጣው ሹም እንጂ ገበሬ አይመስለኝም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስከ ታወጀ ድረስ ብዙ ጭሰኛ ካመረተው እህል ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። አራሹ አንድ፣ በላተኛው ሌላ ነበር።

በላተኛውን የምትሰውር ፊደል

አሁን «ተ» የምትለውን ፊደል ከፊት እንጨምርና «ተበላ» እንበል። «ሂሳብ ያዡ የማኅበሩን ገንዘብ በላ» ብንል ገንዘቡን የወሰደው ሰው ይታወቃል። «የማኅበሩ ገንዘብ ተበላ» ብንል ግን ገንዘቡ መጥፋቱ እንጂ የወሰደው ሰው አልተነገረም። በላተኛው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ወጥቶ ሄዷል።

እንዲህ ያለ አነጋገር በቃለ ጉባኤ ላይ ይገኛል። ቀድሞ ሌላ ሰው ያነብላችሁ ስለነበር ሰምታችሁ ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ ታትሙ ነበር። አሁን ግን ራሳችሁ ታነባላችሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «ማን በላው? ስንት ብር? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ እንዲጻፍ አድርጉ።

ማጥበቅና ማላላት

ፊደላችን ብዙ ነገር ያሳያል። ማጥበቅንና ማላላትን ግን አያሳይም። ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

በጉ ማታ ይበላል።

«ይበላል» የሚለውን «በ»ንም «ላ»ንም አላልተን ስናነብ በጉ ራሱ ሣሩን ይበላል። ሁለቱንም አጥብቀን ስናነብ ግን በጉ ታርዶ ለራት ይቀርባል። ፊደሉ አንድ ነው። ለበጉ ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው።

የጆንያው ጽሑፍ

ጽሑፍን አለማወቅ ለሰውም የሞት ምክንያት የሆነበት ጊዜ አለ። በ1964 ዓ.ም. ኢራቅ በምትባለው አገር የሆነው ይህ ነው። ድርቅ ስለነበረ መንግሥት ለዘር የሚሆን ስንዴ ከውጭ አገር አስመጣ። ዘሩ በሻጋታ እንዳይበላሽ ሜርኩሪ ያለበት መርዝ ተቀብቶ ነበር። ለምልክትም ቀይ ቀለም ተነክሯል። በጆንያው ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነበር። የአገሩ ገበሬ ደግሞ የሚናገረው ዓረብኛ ወይም ኩርድኛ ነው።

ዘሩ ለብዙዎቹ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈጭተው ዳቦ ጋገሩት። አንዳንዶቹ ስንዴውን አጠቡት። ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መሰላቸው። መርዙ ግን አልለቀቀም። ሌሎቹ ለከብት ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠበቁ፤ ከብቱ ምንም አልሆነም። ይህ መርዝ ግን የሚታወቀው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። ከእነዚህ ውስጥ 459 ሞቱ። ከተረፉትም ዓይናቸው የጠፋ፣ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ነበሩ።

በእኛ አገር ጆንያ ላይ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ቢጻፍም «አይበላም» የምትለውን አንዲት ቃል ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ላልቶ ሲነበብ «እሱ አይበላም» ይሆናል። ጠብቆ ሲነበብ «ለመብል አይሆንም» ይሆናል። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። «ለዘር ብቻ» የሚል ካለ፣ ወይም የዘሩ ቀለም የተለየ ከሆነ፣ የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። መድኃኒት የተቀባ ዘር አጥባችሁ አትብሉ። ለከብትም ለዶሮም አትስጡ። በባዶ ጆንያውም እህል አትያዙበት።

ስለዚህ «በላ»ን በጽሑፍ ባገኛችሁ ቁጥር ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ማን በላ? ምን ተበላ? ቃሉ ይጠብቃል ወይስ ይላላል? በቤታችሁ ገና ያልተማረ ሰው ካለም ይህን ትምህርት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

መልመጃ

1. የአጥሩን እንጨት ምስጥ በላው። «በላው» እዚህ ላይ ምን ማለት ነው?
2. ተበዳሪው ቃሉን በላ። ምን አደረገ ማለት ነው?
3. ዶሮዋ ትበላለች። አንድ ጊዜ አላልታችሁ፣ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ አንብቡ። ልዩነቱን ተናገሩ።
4. የወፍጮው ገንዘብ ተበላ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያልተነገረው ምንድን ነው? የጎደለውን ጨምራችሁ በደብተራችሁ ላይ እንደገና ጻፉት።