የጆሮ ጩኸትና የሜሊሳ ቅጠል

የጆሮ ጩኸት ማለት ከውጭ ምንም ድምፅ ሳይኖር በጆሮ ወይም በራስ ውስጥ እንደ ፉጨት፥ እንደ ንብ ድምፅ ወይም እንደ ወራጅ ውሃ ሆኖ የሚሰማ ነገር ነው። በእኛ አካባቢ ጆሮው የጮኸበት ሰው «ወሬ ልሰማ ነው» ይላል፤ ለአፍታ ጮኾ ሲተው ነገሩ በዚሁ ይታለፋል። ዓመት ሙሉ የማይተወው ሰው ግን ወሬ መጠበቁን ትቶ መድኃኒት መፈለግ ይጀምራል። አጎቴ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሃያ ዓመት ያህል በወፍጮ ቤት ሠርቷልና፥ ሌሊት አገሩ ሁሉ ጸጥ ሲል በእርሱ ጆሮ ውስጥ ወፍጮው ይዞራል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ «ለጆሮ ጩኸት ፍቱን ነው» ብሎ አንድ ከረጢት ደረቅ ቅጠል ስላመጣለት፥ እውነት መሆኑን መርምሬ እንድነግረው ጠየቀኝ። ያገኘሁትን ለአንባብያንም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ጻፍሁት።

ቅጠሉ ሜሊሳ ይባላል። የትውልድ አገሩ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያና በምዕራብ እስያ ነው። ስሙ በግሪክ ቋንቋ «ንብ» ማለት ሲሆን፥ ንቦች አበባውን እጅግ ይወዱታል። ወገኑ ከናና ጋር ስለ ሆነ ለእኛ በሶብላ፥ ለጦስኝና ለዳማ ከሴ ዘመዳቸው ነው። ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ስለዚህ ጠጅ ሣር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሲትራል የተባለው ሽታ ሰጪ ነገር በሁለቱም ስለሚገኝ ይህ አያስደንቅም፤ ነገር ግን ጠጅ ሣር ስሙ እንደሚነግረን የሣር ወገን ነው። ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) ሜሊሳን ልብን ደስ ከሚያሰኙ መድኃኒቶች ጋር ቆጥሮታል። በ17ኛው መቶ ዓመትም በፓሪስ የነበሩ የቀርሜሎስ መነኮሳት ከእርሱ መድኃኒት እያጣሩ ይሸጡ ነበር።

እንግዲህ ይህ ቅጠል የጆሮን ጩኸት ያጠፋልን? አያጠፋም። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ፥ ፀጉር መሰል የሆኑ 15,000 ያህል ሕዋሳት አሉ። እነዚህ በብርቱ ጫጫታ ወይም በእርጅና ከሞቱ በሰው ላይ እንደ ገና አይበቅሉም። አንጎልም ከጆሮ የሚመጣለት መልእክት ሲያንስበት፥ ጣቢያው የራቀበት ሰው ራዲዮኑን ከፍ እንደሚያደርግ የራሱን መስሚያ ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ሹክሹክታው ጩኸት ይሆናል። የሞተውን ሕዋስ የሚያስነሣ ሻይ የለም።

ነገር ግን የጩኸቱ መኖርና የጩኸቱ ማሠቃየት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1953 እ.ኤ.አ. ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች ጆሯቸው ጤናማ የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማይገባበት ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ቢያስቀምጧቸው፥ ከመቶ 94ቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰማን አሉ! ድምፁ በሁላችንም ዘንድ ጥቂት ጥቂት አለ ማለት ነው፤ አንጎል «ይህ የሚያሰጋ አይደለም» ብሎ ይተወዋል እንጂ። በፈተና ዋዜማ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ቀን የማይሰማው የሰዓት ቆጠራ ራሱን እንደሚመታው ያውቃል፤ ሰዓቱ ግን ያው ሰዓት ነው። ፍርሃት ጆሮን ወደ ጩኸቱ ያዘነብላል፤ የተደመጠ ጩኸት እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣም ይበልጥ ይፈራል።

ሜሊሳ ቦታ ቢኖረው በዚህ ክብ ውስጥ ነው። በውስጡ ያለው ሮዝማሪኒክ አሲድ፥ ጋባ የተባለውን የአንጎል ማረጋጊያ የሚያፈርሰውን ኤንዛይም እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በ18 ጤነኞች ላይ በተደረገ ሙከራም፥ 600 ሚሊግራም የወሰዱት የበለጠ መረጋጋት እንደ ተሰማቸው ተናግረዋል፤ ንቃታቸው ግን ቀንሶ ነበር። ሙከራው ትንሽ ነው፤ የጆሮ ጩኸት ባለባቸውም ላይ አልተደረገም። የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ለሚያውክ የጆሮ ጩኸት እንዲህ ያሉ ማሟያዎች እንዳይታዘዙ መክሮ፥ ይልቁንም የመስማት ምርመራን፥ መስማት ላነሰው የመስሚያ መሣሪያን፥ እንዲሁም አስተሳሰብን የሚያቀና የምክር ሕክምናን አስቀድሟል። ለአጎቴ «ሐኪም ዘንድ ቅረብ፤ ቅጠሉን ለእንቅልፍህ ጠጣው፤ ከጆሮህ ግን ምንም አትጠብቅበት» ያልሁት ስለዚህ ነው። ፊቱን አጨፈገገብኝ፤ «ፍቱን» ተብሎ ለተሰጠው ሰው መልሴ ጣፋጭ አልነበረም። ቢሆንም በጆሮው ዘይት ከሚያፈስ ሻይ ቢጠጣ እመርጣለሁ።

የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠቅሰው መጠን ከ1.5 እስከ 4.5 ግራም ደረቅ ቅጠል በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፥ በቀን ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ነው። ሽታው የሚተንን ዘይት ስለ ሆነ ሲዘፈዘፍ ይከደን። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ የእንቅርት ዕጢ ሕመም ያለበት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ያደነዘዘውም መኪና አይንዳ።

ደግሞ ኪኒን የተባለው የወባ መድኃኒትና በብዛት የተወሰደ አስፕሪን ራሳቸው ጆሮን ያስጮኻሉ። መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ጆሮው የጮኸ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነበት ወይም እንደ ልብ ትርታ የሚመታበት ሰው መመርመር አለበት። ከጩኸቱ ጋር ጆሮው በድንገት የደነቆረበት ግን ውሃ እስኪፈላ እንኳ ሳይቆይ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።