ለራስ ልክ የሆነ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት አመራረጥ



በቅሎውን የሚወድ ገበሬ ኮርቻውን እንዲሁ አንሥቶ አይጥልባትም። ጀርባዋን አይቶ፣ ግላሱን አስተካክሎ፣ ጠፍሩን አጥብቆ ይጭናታል። ኮርቻው ልኳ ካልሆነ ጀርባዋ ይላጣል፤ አለዚያም ዳገት ላይ ይዞርና ተቀማጩን ይጥላል።

ዛሬ በሰሜን ጎንደር ደጋ ብዙው የልማት ሠራተኛ ከቀበሌ ቀበሌ የሚመላለሰው በሞተር ብስክሌት ነው። ገበሬውም ከኋላ ተፈናጥጦ ገበያ ይወጣል፣ ሕመምተኛ ይጠይቃል። እንግዲህ ለበቅሎዋ ጀርባ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለራሳችን ጭንቅላት ልንነፍገው አይገባም። ይህ ትምህርት ስለ ራስ ቁር፣ በሰፊው ሄልሜት ስለሚባለው ነው። ፍሬ ነገሩም አጭር ነው፤ ልክ ያልሆነ ሄልሜት ስለማይመች አይደረግም፤ ቢደረግም አያድንም።

ይህንንም ከራሴ ልጀምር። ሥራ በጀመርሁበት ወረዳ ለሁላችንም አንድ ልክ ሄልሜት ታደለን። የእኔ ሰፊ ነበርና ስነዳ ወደ ዓይኔ ይወርዳል፤ ነፋስ ሲያገኘው ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ከሞተሩ መሪ ላይ አንጠልጥዬው እሄድ ነበር። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ በጠጠር መንገድ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ያን ዕለት ሄልሜቱን አድርጌ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ሰፋኝ ራሴ መሬት ሳይነካ እርሱ ወልቆ ወደ ቦዩ ተንከባለለ። ግንባሬ ተሰፋ። በሕይወት የተረፍሁት በሄልሜቱ ሳይሆን፣ በወደቅሁበት ስፍራ ድንጋይ ስላልነበረ ነው።

ሄልሜት ራስን የሚያድነው እንዴት ነው?

እናቶቻችን እንቁላል ወደ ገበያ ሲወስዱ በቅርጫት ውስጥ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዘው ይደረድሩታል። ቅርጫቱ ምንም ያህል ቢጠነክር፣ ጭዱ ከሳሳና እንቁላሉ ወዲያ ወዲህ ካለ ይሰበራል። ሄልሜትም እንዲሁ ነው። ከውጭ ያለው ጠንካራ ቅርፊት ቅርጫቱ ነው። ከእርሱ ሥር ያለው ነጭ ፎም፣ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ የሚደገፍበትን የሚመስለው፣ ጭዱ ነው። ራስ ከመሬት ጋር ሲጋጭ ፎሙ እየተጨፈለቀ የምቱን ኃይል ይውጣል። በውስጥ በኩል ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ግን ለምቾትና ለልክ የተሠራ ነው።

ይህ ትምህርት የተገኘው በብዙ ሰው ሞት ነው። በ1927 ዓ.ም. የዐረቢያው ሎውረንስ የተባለው ዝነኛ እንግሊዛዊ ሄልሜት ሳያደርግ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ ከዚያ በኋላ በጦሩ መልእክተኛ ሞተረኞች ላይ የሚደርሰውን የራስ ጉዳት መረመረ። ሄልሜት ያደረጉት የሚደርስባቸው ጉዳት የቀለለ መሆኑን በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ጽፎ አወጣ። በዚያው ዓመት፣ ጎንደር ከጣሊያን ነጻ በወጣችበት ሰሞን፣ የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። የዓለም የጤና ድርጅትም በትክክል የተደረገ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ40 በመቶ፣ ከባድ የራስ ጉዳትን በ70 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገልጿል። «በትክክል የተደረገ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ።

የራስን ልክ አለካክ

1ኛ/ የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ሜትር ካልተገኘ ሲባጎ ይበቃል፤ ኋላ በማስመሪያ ይለካል።

2ኛ/ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ከጆሮ በላይ አሳልፋችሁ፣ በኋላ በኩል ራስ በጣም ጎላ በሚልበት ላይ አዙሩት።

3ኛ/ ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር ያዙ።

በብዙ ፋብሪካዎች ዘንድ 55ና 56 ሳንቲ ሜትር ትንሽ፣ 57ና 58 መካከለኛ፣ 59ና 60 ትልቅ፣ 61ና 62 በጣም ትልቅ ይባላል። ነገር ግን ፋብሪካ ከፋብሪካ ስለሚለያይ ቁጥሩ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ሳይሞክሩ መግዛት አይገባም።

በራስ ላይ አድርጎ መፈተን

ሄልሜቱን ከገዥው በፊት ባለሱቁ ጥሩ ነው ይላል፤ እናንተ ግን ጠፍሩን አሥራችሁ በዚህ አኳኋን ፈትኑት።

1ኛ/ በሁለት እጅ ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት። ልክ ከሆነ የግንባርና የጉንጭ ቆዳ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፊ ነው።

2ኛ/ ከኋላ ከታች በኩል ይዛችሁ ወደ ፊት ለመገልበጥ ሞክሩ። ከወለቀ ተዉት፤ በአደጋ ጊዜም ይወልቃል።

3ኛ/ የአገጩ ጠፍር ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ ይሁን።

4ኛ/ ሩብ ሰዓት ያህል ሳታወልቁ ቆዩ። ጉንጭን በመጠኑ ገፋ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ስፖንጁ ኋላ በአገልግሎት ይለሰልሳል። ግንባርን በአንድ ስፍራ ካመመና ቀይ ምልክት ከተወ ግን የሄልሜቱ ቅርጽ ለእናንተ ራስ አልተስማማም። ያን ጊዜ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ሞክሩ እንጂ ሕመሙን ለመሸሽ ወደ ሰፊው አትሂዱ።

ስለ ብርድ፣ ስለ ሻሽና ስለ ፀጉር

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስትሆን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በዳባትና በደባርቅ ማለዳ የሱፍ ቆብ አድርጎ ወይም ፎጣ ጠምጥሞ ከላይ ሄልሜት መድፋት የተለመደ ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ ጥምጥሙ ሲንሸራተት ሄልሜቱም አብሮ ይንሸራተታል። ብርድ የሚያስቸግራችሁ ስስ ቆብ አድርጋችሁ ተለኩ፤ ጋቢውንም በአንገት ላይ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጉጡት እንጂ ጎማው እንዲይዘው አትልቀቁት። ሹሩባ የተሠራች እኅትም ፀጉሯን በአናቷ ላይ አትቋጥር፤ ወደ ኋላ ወደ ታች ታድርገው።

የፊት መከለያው የጠራ ይሁን። ጥቁሩ ከመሸ በኋላና በጉም ጊዜ፣ ይልቁንም ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው፣ መንገዱን ይሠውራል።

ሲገዙና ሲያስቀምጡ

የታወቀውን መለኪያ ያለፈ ሄልሜት በክብ መስመር ውስጥ «ኢ» የተባለው የላቲን ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ፣ ብዙውን ጊዜ በጠፍሩ ላይ ተሰፍቶ ይገኝበታል። ምልክቱ በሐሰት ሊለጠፍ ስለሚችል ውስጡንም ተመልከቱ፤ ወፍራም ነጭ ፎም የሌለውና ስፖንጅ ብቻ ያለው ሄልሜት ጌጥ ነው። አሮጌም አትግዙ፤ ምን እንደ ደረሰበት አይታወቅምና። የተጨፈለቀ ፎም ተመልሶ ስለማይነሣ በአደጋ አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ከላይ ደኅና ቢመስልም ይጣል።

ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት። በሳሙናና በውሃ እንጂ በቤንዚን አትጥረጉት፤ ቤንዚን ቅርፊቱንና ፎሙን ይጎዳል። ዘር ወይም የተባይ መድኃኒት አትያዙበት።

ለልማት ሠራተኞችና ለሚገዙላቸው

ግዥ ከመፈጸሙ በፊት የእያንዳንዱ ሠራተኛ ራስ ይለካና ልኩ ከስሙ ጎን ይጻፍ። ይህን ለመሥራት አንድ ሜትርና የግማሽ ቀን ጊዜ ይበቃል። በአንድ ልክ የተገዛ ሃያ ሄልሜት ለአምስቱ ልክ ቢሆን አሥራ አምስቱ ከመሪ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ገንዘቡም ይባክናል፣ ሰዉም አይድንም። ከኋላ ለሚቀመጠው ገበሬም ሁለተኛ ሄልሜት ይኑር፤ ሲወድቁ የሚወድቁት አብረው ነው።

ገበሬ ወንድሜ ሆይ፤ አንተም ከመፈናጠጥህ በፊት ሄልሜት ጠይቅ፣ ጠፍሩንም እሰር። ለአንድ ሰዓት መንገድ ምን ያደርጋል አትበል። የልጆችህ አባት፣ የበሬዎችህ ጌታ፣ የማሳህ ጠባቂ የሆነው ራስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱን የሚተካ ዘር ከየትም ጎተራ አይገኝም።